አማካሪህ ማነው? መንግሥት ለተማሪ ያዘጋጀው ድጋፍና የእኛ ድርሻ



በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ቁጭ ብለን አንድ ጥያቄ አነሳን፦ «አማካሪህ ማነው? ቢሮውስ የት ነው?» የካፌውን ሰዓት፣ ርካሹን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ወደ መስጂድ የሚያወጣውን አቋራጭ መንገድ ሁሉም ያውቃል። አማካሪውን በስሙ የጠራው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሲኒየሮቹን ስንጠይቅም መልሱ ብዙ አልተለየም። አንዱ «ስሊፕ የሚፈርምልን ሰውዬ ነዋ!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። የሳቅነው እውነት ስለሆነ ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያ «የሚፈርም ሰውዬ» ነው። መንግሥት ተማሪን ዩኒቨርሲቲ ካስገባ በኋላ እንዲዘልቅ ምን ድጋፍ ያደርጋል? ድጋፉ በእርግጥ ውጤት ይለውጣል ወይ? የእኛስ ድርሻ የት ይጀምራል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ኢንሻአላህ በየተራ እናያለን።

አንድ፦ ከጎናችን የጠፋው ወንድም

ትምህርቱን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለን ከዶርማችን አንድ ወንድም ታመመ። ታይፎይድ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ተኛ። ፈጅር ላይ ከሶፍ ሲጎድል አይተናል፤ ሻይ አፍልተንለታል፤ መድኃኒት ገዝተን አምጥተንለታል፤ ዱዓም አድርገንለታል። ሚድ የተፈተንነው በእነዚያው ሳምንታት ነበር። እሱ ሁለት ፈተና አመለጠው።

ተሽሎት ሲነሳ ክሊኒክ የሰጠው ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ያንን ወረቀት ይዞ ወደ አማካሪውና ወደ ትምህርት ክፍሉ ቢሄድ ሜካፕ ፈተና መጠየቅ ይችል ነበር። ካልሆነም ሴሚስተሩን በሥርዓቱ አቋርጦ፣ ዊዝድሮዋል ሞልቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ ይችል ነበር። እሱ ይህን አላወቀም። እኛም አልነገርነውም፤ ምክንያቱም እኛም በቅጡ አናውቅም ነበር። «ፋይናል ላይ ታካክሰዋለህ፣ ኢንሻአላህ» አልነው። ውጤት ሲለጠፍ ሁለት ኤፍ ወጣበት፤ ዲስሚሳል ተባለ። በማግስቱ ከፈጅር በፊት ቦርሳውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ሄደ። መሄዱን ያወቅነው ፍራሹ ባዶ ሆኖ ስናገኘው ነው።

ከሶፍ መጉደሉን ያየን ሰዎች ከክፍል መጉደሉ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ዓይን አልነበረንም። ስለ ምክር አገልግሎት ስናወራ ስለ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው የምናወራው። በአንድ ወረቀትና በአንድ ቀነ ገደብ ምክንያት የሰው ዓመት ይሄዳል።

ሁለት፦ ምክር ውጤት ይለውጣልን?

«ጎበዝ ተማሪ ያለ አማካሪም ያልፋል፤ ሰነፍን ደግሞ አማካሪ አያድነውም» የሚል ሐሳብ በግቢያችን የተለመደ ነው። ይህ ሐሳብ በሙከራ ተፈትኗል። የተፈተነው ሩቅ አገር ቢሆንም ተማሪዎቹ ከብዙዎቻችን የሚርቁ አይደሉም።

የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ በከተማው አስተዳደር ገንዘብ፣ በሁለት ዓመት ኮሌጆቹ ውስጥ ኤሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ከዚያ ፕሮግራሙ በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ኤም ዲ አር ሲ የተባለ የጥናት ተቋም ጥናት አደረገ። ለጥናቱ የተወሰዱት 896 ተማሪዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ፣ ኮሌጅ ሲገቡም የማካካሻ ኮርስ ያስፈልጋችኋል የተባሉ ነበሩ። በእኛ ቋንቋ ሬሚዲያል ማለት ነው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን በተለመደው መንገድ ሲማር ሌላው ወገን ኤሳፕ ገባ።

ኤሳፕ የገቡት ምን አገኙ? ከሌላ እርዳታ ያልተሸፈነ የትምህርት ክፍያ ካለ ተሸፈነላቸው፤ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ድጋፍ ተሰጣቸው፤ ቲቶሪያል ተዘጋጀላቸው። ከሁሉም በላይ ግን የራሳቸው አማካሪ ነበራቸው። በተለመደው መንገድ አንድ አማካሪ ለብዙ መቶዎች ሲደርስ፣ የኤሳፕ አማካሪ ግን የእያንዳንዱን ሁኔታ ሊከታተል የሚችልባቸውን ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ያዘ። ተማሪው ሲቸግረው ብቻ የሚሄድበት ቢሮም አልነበረም። በየጊዜው ከአማካሪው ጋር መገናኘት ግዴታው ነበር። ተማሪዎቹም በምላሹ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነው እንዲማሩ፣ የማካካሻ ኮርሶቻቸውን ሳያዘገዩ እንዲወስዱ ይጠበቅባቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር፣ በተለመደው መንገድ ከተማሩት 22 ከመቶ ያህሉ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከኤሳፕ ተማሪዎች ግን 40 ከመቶ። እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። በዕጣ የተከፈሉ ስለሆኑ «ጎበዞቹ ስለገቡበት ነው» ማለት አይቻልም። ኦሃዮ ውስጥ ሦስት ኮሌጆች አሠራሩን ወስደው ሲሞክሩትም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ።

ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ደስ የሚለው ደግሞ ሒሳቡ ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ተማሪ የሚወጣውን ወጪ ጨምሯል። ለአንድ ተመራቂ የሚወጣውን ወጪ ግን ቀንሷል፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ስለተመረቀ ወጪው ለብዙ ተካፈለ። ተማሪ መንገድ ላይ ሲቀር የወጣበት ገንዘብ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ መንግሥት ለምክር የሚያወጣው ገንዘብ ቀድሞ ያወጣውን ገንዘብ ከብክነት ያድናል።

ሦስት፦ ለምን ይሠራል?

ኮንትሮል ሲስተም የወሰድን ሰዎች ኦፕን ሉፕና ክሎዝድ ሉፕ ያላቸውን ልዩነት እናውቃለን። ኦፕን ሉፕ ሲስተም የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ውጤቱን ዞሮ አያይም፤ ስለዚህ ስህተቱን አያርምም። ክሎዝድ ሉፕ ውጤቱን ይለካል፣ ከሚፈለገው ጋር ያወዳድራል፣ ልዩነቱን ያስተካክላል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ፊድባኩ ከዘገየ ሲስተሙ ሊረበሽ ይችላል። በወቅቱ ያልደረሰ መረጃ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።

የአብዛኞቻችን የግቢ ኑሮ ኦፕን ሉፕ ነው። ክፍል እንገባለን፣ እንፈተናለን፣ ውጤታችንን ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ እናያለን። ያን ጊዜ ግሬድ ሪፖርቱ የሚነግረን ማስተካከል የማንችለውን ነገር ነው። አማካሪ ማለት ሚድ ላይ የሚለካ፣ «ይህ ኮርስ እየሄደ አይደለም፤ ድሮፕ የሚደረግበት ቀን ሳያልፍ እንወስን» የሚል ሰው ነው። ሥራው ፊድባኩን በጊዜው ማድረስ ነው።

መድረሳ ያደጉ ሰዎች ይህን ያለ ኮንትሮል ሲስተምም ያውቁታል። ኡስታዙ ክፍሉን በጅምላ አያስቀራም። እያንዳንዱ ልጅ ፊቱ ተቀምጦ ትምህርቱን ያሰማል፤ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ሐርፍ እንደሚያስቸግረው ኡስታዙ ያውቃል። ያልያዘ ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የቀረ ልጅ «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቃል። በወሎ ሐሪማዎች ከሸኹ ሌላ አንጋፋው ደረሳ ታናሹን ያስቀራዋል። ይህ ሁሉ ምክርና ክትትል ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ «አሁን አዋቂ ሆነናል» ብለን ትተነው መጣን እንጂ የማናውቀው ነገር አይደለም።

መመካከር ደግሞ በዲናችን ያለው ቦታ የታወቀ ነው። ከቁርኣን ሱራዎች 42ኛው አሽ-ሹራ ይባላል፤ ምክክር ማለት ነው። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምሽጉ እንዲቆፈር የሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ) ምክር ተቀብለዋል። ሰልማን የመጣበት አገር ሰዎች ያንን ዘዴ ያውቁት ነበር። ስለዚህ የሚያውቅን ሰው መጠየቅ የድክመት ምልክት ነው ብሎ የሚያስብ ሙስሊም ተማሪ ሲራን እንደገና ይከልስ። «በአላህ ተወክያለሁ» ብሎ ሰበብ አለማድረስም ተወኩል አይደለም፤ ስንፍና ነው።

አራት፦ በአገራችን መንግሥት ምን አዘጋጅቷል?

በቅርብ ዓመታት መንግሥት የተማሪን ውጤት በሚመለከት ትልልቅ ለውጦች አድርጓል። ብዙዎቻችን ያለፍንባቸው ስለሆኑ በአጭሩ እናስታውሳቸው።

የመጀመሪያው የፍሬሽማን ፕሮግራም ነው። ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ዲፓርትመንት አይገባም፤ አንደኛ ዓመቱን የጋራ ኮርሶች እየወሰደ ያሳልፋል። ሐሳቡ ተማሪው ራሱንም የትምህርት መስኩንም አውቆ እንዲመርጥ ነው። ይህ ማለት በመላው የግቢ ቆይታችን ምክር በጣም የሚያስፈልገን ጊዜ አንደኛ ዓመት ነው ማለት ነው። አብዛኛው ፍሬሽ ግን ዲፓርትመንት የሚመርጠው የዶርም ወሬ ሰምቶ ነው።

ሁለተኛው ሬሚዲያል ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ብቻ ነበር። የ2015 ተፈታኞችም 3.2 ከመቶ ሆኑ። መንግሥት ከማለፊያው በታች ካመጡት የተወሰኑትን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ በማካካሻ ትምህርት እንዲያልፉ ዕድል ሰጠ። ከመካከላችን በዚህ በር የገቡ አሉ። በዚህ ማንም ማፈር የለበትም፤ ኒው ዮርክ ላይ ውጤታቸው እጥፍ ሊሆን የተቃረበው ተማሪዎች ልክ እንደነዚህ ያሉት ነበሩ።

ሦስተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኮርሶቹን ቢጨርስም የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 ከመቶ ካላለፈ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ወደ 150 ሺህ ተማሪዎች ያለፉት 40 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ፣ ከግል ተቋማት 17 ከመቶ ያህሉ አለፉ። ያላለፈ እንደገና መፈተን ይችላል። ፈተናው የሚያየው የመጨረሻውን ሴሚስተር ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ጂሲ ሲኮን አይጀመርም።

ከእነዚህ ሌላ በግቢው ውስጥ የተመደቡ አገልግሎቶች አሉ፦ የአካዳሚክ አማካሪ፣ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ቢሮ፣ ቲቶሪያል፣ ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የልዩ ፍላጎት ድጋፍ፣ ክሊኒክ። ጥያቄው አገልግሎቶቹን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን የሚለው ነው።

አምስት፦ የወጪ መጋራት፣ የፈረምነው ዕዳ

«መንግሥት በነፃ ያስተምረናል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በ1995 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲጋራ ደንግጎ ነበር። የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው፤ ያ ደንብም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ ይል ነበር። በየዓመቱ ሳናነበው የምንፈርመው የኮስት ሼሪንግ ፎርም ይህ ነው።

ከቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ አጻጻፍ መሆኑን ብዙዎቻችን ቀርተናል። ዕዳ በዲናችን እንዲህ ከባድ ከሆነ የፈረምነውን ወረቀት ማንበብ፣ ኮፒውን ማስቀመጥ፣ በየዓመቱ ስንት እንደተጨመረ ማወቅ ግዴታችን ነው። ይህ ነጥብ ከምክር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፦ ዓመት የደገመ ተማሪ የዚያን ዓመት ምግብና መኝታም ይጋራል። በጊዜው ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ በዕዳችን ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። ወላጅ ከእርሻው ወይም ከሱቁ ቆርሶ የሚልከው የኪስ ገንዘብ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ስድስት፦ የጎደለውን በፍትሕ እንናገር

ጥፋቱን ሁሉ በራሳችን ላይ ማሸከምም ልክ አይደለም። አማካሪ ተብሎ የሚመደበው መምህር ሙሉ የማስተማር ሥራ አለበት፤ ፈተና ያርማል፣ ምርምር ይሠራል፣ በዚህ ላይ አንድ ሴክሽን ተማሪ ይሰጠዋል። ለማማከር የተለየ ሰዓት ካልተሰጠው ምክሩ ወደ ፊርማ ቢወርድ አይገርምም። የኒው ዮርኩ ሙከራ ያስተማረን ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አማካሪ መመደብ ብቻውን አይበቃም። ጊዜ ያለው፣ የሚከታተላቸው ተማሪዎች ቁጥር የተመጠነ፣ ተማሪውን ራሱ የሚጠራ አማካሪ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በተማሪዎች ኅብረት በኩል፣ በአደብ፣ ሦስት ነገር መጠየቅ እንችላለን። የአማካሪዎች የቢሮ ሰዓት በየትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሚድ እንደታረመ ዝቅተኛ ያመጡ ተማሪዎች ከድሮፕ ቀነ ገደብ በፊት ተጠርተው ይነገራቸው። ለፍሬሽ ተማሪዎች ስለ ሜካፕ፣ ስለ ዊዝድሮዋልና ስለ ሪአድሚሽን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በምዝገባ ቀን ይሰጥ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሰባት፦ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1. በዚህ ሳምንት የአማካሪህን ስምና ቢሮ እወቅ፤ እወቂ። ችግር ሳይኖር አንድ ጊዜ ገብተን ራሳችንን እናስተዋውቅ። መጀመሪያ የምንገናኘው በችግር ቀን ከሆነ ለእሱም ለእኛም ይከብዳል።

2. የግቢያችንን የሴኔት ሕግ እናንብብ። ወርኒንግ በስንት፣ ዲስሚሳል በስንት፣ ኤንጂ እስከ መቼ መስተካከል አለበት፣ አድና ድሮፕ መቼ ያበቃል? እነዚህን ከሪጅስትራር እንጂ ከዶርም ወሬ አንውሰድ።

3. ሕመም ወይም ሐዘን ሲያጋጥም ማስረጃውን በዚያው ሳምንት ለትምህርት ክፍሉ እናድርስ። ኮፒውን እናስቀር። መናገር የከበደው ወንድም ወይም እህት ካለ አብረን እንሂድ።

4. ከጁሙዓ ሰዓት ጋር የሚጋጭ ላብ ወይም ክፍል የደረሰብን እንደሆነ ሴክሽን ለመቀየር በመጀመሪያው ሳምንት እንጠይቅ። በአምስተኛው ሳምንት የሚቀርብ ጥያቄ፣ ትክክለኛ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም።

5. ከሚድ በኋላ እያንዳንዱን ኮርስ በወረቀት እንጻፍ፦ ከስንት ስንት አገኘሁ? ለማለፍ ስንት ይቀረኛል? ቁጥሩን ይዘን መምህሩ ጋ ወይም አማካሪው ጋ እንሂድ። «ከበደኝ» ከማለት «ምዕራፍ 3 አልገባኝም» ማለት መልስ ያገኛል።

6. ሲኒየሮች እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ፍሬሽ እንያዝ። ወንድሞች ወንድሞችን፣ እህቶች እህቶችን። ሥራችን የአማካሪውን ቦታ መተካት አይደለም፤ አማካሪው ቢሮ ድረስ ማድረስ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ «የት ደረስክ? የት ደረስሽ?» ማለት ይበቃል።

7. ከሶፍ የጎደለን ሰው ስንጠይቅ ስለ ክፍሉም እንጠይቅ።

ለመወያያ

በሐለቃችሁ ውስጥ እነዚህን ተወያዩባቸው፦ የኤሳፕ ተማሪዎች ውጤት የተለወጠው በገንዘቡ ነው ወይስ በክትትሉ? ወይስ ሁለቱ ተነጣጥለው አይታዩም? በግቢያችን ያለ ገንዘብ ልናደርገው የምንችለው የትኛው ነው? ስለ ውድቀት መናገር ለምን ያሳፍረናል?

በመጨረሻም ወደዚያ ወንድማችን እንመለስ። አሁን በአጎቱ ሱቅ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ደወለልን። ሰላምታውን ጨርሶ ጥቂት ዝም አለና «ሪአድሚሽን እስከ መቼ ነው የሚያመለክቱት?» አለን። ከዚህ በፊት ቢሆን «ቆይ ሰው እንጠይቅልህ» ብለን እንረሳው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ሪጅስትራር ሄደን ተሰልፈን ቀኑንም የሚያስፈልጉትን ወረቀቶችም ጽፈን ላክንለት። የክሊኒኩን ወረቀት እንዲፈልግም ነገርነው። እስካሁን መጽሐፉ ውስጥ ነው አለን።

አላህ መንገዱን ያግራለት፤ እኛንም አንዳችን ለአንዳችን ሰበብ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።